የፕሌይስቴሽን 2 ጌምና ሴቭ ባክአፕ አያያዝ፦ ከዲስኩ በፊት ሚሞሪ ካርዱ

ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የከረመውን ፕሌይስቴሽን 2 አውጥቼ ሰካሁት። አቧራውን ጠረግሁ፣ ዲስኩን አስገባሁ፣ ጌሙ ተነሳ። ሙዚቃው ያው የድሮው ነው። ደስ ብሎኝ «ሎድ» የሚለውን ስጫን ካርዱ ፎርማት አልተደረገም የሚል ጽሑፍ መጣ። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው። ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሞከርኩ። ያው።

ካርዱ «64 ሜጋባይት» ተብሎ የተሸጠልኝ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ርካሽ ካርድ ነበር። ውስጡ የኳስ ጌም ሴቭ ነበረ፤ አሥራ አንድ ሲዝን የለፋሁበት። ዲስኩን ብሰብረው ሌላ አገኛለሁ። ያ ሴቭ ግን ዓለም ላይ አንድ ነበር፤ እሱም ሄደ። ባክአፕ ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ይህን መመሪያ ከተለመደው ቅደም ተከተል ገልብጬዋለሁ። ብዙ ሰው ባክአፕ ሲባል ቀድሞ የሚያስበው ዲስኮቹን ወደ ሃርድ ዲስክ መቅዳት ነው። እሱም ይመጣል። ግን መጀመሪያ የማሽኑን መደበኛ ሚሞሪ ካርድ፣ 8 ሜጋባይቷን እናድናት። ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ዲስኮቹም እንደዚያው ብዙ ናቸው። የናንተ ሴቭ ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ። እዚህ የማወራው ዲስኩ በእጃችሁ ስላለ ጌም ነው። የሌላ ሰው ቅጂ ከኢንተርኔት ማውረድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል። የራስን ዲስክ መቅዳትንም ቢሆን አገሮች እኩል አያዩትም። የምትኖሩበትን አገር ሕግ አንዴ አየት አድርጉ።

ሴቮቹን ከካርዱ ማውጣት

ቀላሉ መንገድ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም አይፈልግም። ሁለተኛ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ይበቃል። ዲስክ ሳታስገቡ ማሽኑን አብሩት። «ብራውዘር» ውስጥ ግቡ። ካርዱን ክፈቱ፣ ሴቩን ምረጡ፣ ወደ ሌላኛው ካርድ ኮፒ አድርጉ። አለቀ። ዛሬ ማታ ሌላ ምንም ባትሠሩ ይህችን ሥሩ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንዳንድ ጌሞች ሴቫቸው ኮፒ እንዳይደረግ ቆልፈውታል፤ ብራውዘሩ እምቢ ይላል። ሁለተኛ፣ ካርድ ወደ ካርድ መቅዳት ሁለቱንም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ ካልወጣ ልብ አያሳርፍም።

ወደ ኮምፒውተር ለማውጣት «ዩላንችኤልፍ» የሚባል የፋይል ማስተዳደሪያ ያስፈልጋል። ማሽኑ ላይ እንዲነሳ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠቀመው «ፍሪ ኤምሲ ቡት» የሚባል ማስነሻ ፕሮግራም የተጫነበት ሚሞሪ ካርድ ነው። ካርዱን ሰክታችሁ ማሽኑን ስታበሩ አዲስ ሜኑ ይመጣል፤ ከዚያ ዩላንችኤልፍን ትከፍታላችሁ። ማሽኑ ተከፍቶ ምንም የሚበየድ ነገር የለም።

ከመልፋታችሁ በፊት ግን ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አንብቡ። «ኤስሲፒኤች» ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ከ90000 ተከታታይ ስሊሞች (ቀጫጭኖቹ ሞዴሎች) መካከል ዘግይተው የተመረቱት ፍሪ ኤምሲ ቡትን አይቀበሉም። ለነሱ በ2020 የወጣው «ፍሪ ዲቪዲ ቡት» አለ። እሱ ባዶ ዲቪዲ ላይ ተቀድቶ፣ በማሽኑ የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ በኩል ነው የሚገባው።

አንድ ምክር አለኝ። ፍሪ ኤምሲ ቡት ያለበትን ካርድና የሴቭ ካርዳችሁን አትቀላቅሉ። ማስነሻው አንደኛው ቀዳዳ ላይ ይሁን፣ ሴቮቹ ሁለተኛው ላይ። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ይዞት አይሄድም።

አሁን ወደ ሥራው።

1. ፍላሽ ዲስክ በፋት32 ፎርማት አድርጉ። ትልቅ መሆን የለበትም፤ ሴቭ ትንሽ ነገር ነው። ማሽኑ ፊት ላይ ካለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰኩት።

2. ዩላንችኤልፍን ክፈቱና ፋይል ብራውዘሩ ውስጥ ግቡ። ሁለቱ ሚሞሪ ካርዶች «ኤምሲ 0» እና «ኤምሲ 1» ተብለው ይታያሉ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ሁለተኛው ቀዳዳ «ኤምሲ 1» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ፍላሹ «ማስ» በሚለው ስም ይመጣል።

3. መጀመሪያ ፍላሹ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። በጆይስቲኩ ላይ «አር 1»ን ስትጫኑ ሜኑ ይከፈታል፤ አዲስ ፎልደር መፍጠሪያው እዚያ አለ። ስሙን ካርዱን በምታውቁበት ስም ሰይሙት።

4. ወደ ሴቭ ካርዱ ሂዱ። እያንዳንዱ ሴቭ አንድ ፎልደር ነው። የምትፈልጓቸውን ምረጡ፣ «አር 1»ን ተጫኑ፣ «ኮፒ» በሉ።

5. ወደ ፍላሹ ፎልደር ተመለሱ። «አር 1»ን ተጫኑና ተራውን «ፔስት» ሳይሆን «ፒኤስዩ ፔስት» የሚለውን ምረጡ።

ለምን ፒኤስዩ? ተራው ፔስት ፋይሎቹን ብቻ ይዘረግፋቸዋል። ፒኤስዩ ግን ሙሉውን ሴቭ፣ ካርዱ ስለሱ የያዘውን መረጃ ጨምሮ፣ አንድ ፋይል ውስጥ ያሽገዋል። ለመመለስ ሲፈለግም ያንኑ ፋይል ኮፒ አድርጎ ካርዱ ላይ እንደገና ፒኤስዩ ፔስት ማለት ነው። ሴቩ እንደነበረ ቁጭ ይላል።

ኮፒው ሲሄድ ፍላሹን አትንቀሉ፣ ማሽኑን አታጥፉ። ሲያልቅ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ መጠኑን እዩ። ዜሮ ባይት የሆነ ፋይል ካለ አልተቀዳም፤ ድገሙት።

የፎልደሮቹ ስም መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ግን ትርጉም አለው። «ቢኤ» ብሎ የሚጀምረው የአሜሪካ ቅጂ ሴቭ ነው፣ «ቢኢ» የአውሮፓ፣ «ቢአይ» የጃፓን። ከዚያ የጌሙ መለያ ቁጥር ይከተላል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው መቼ ነው? የአውሮፓውን ዲስክ ጥላችሁ የአሜሪካውን ስትገዙ ነው። ያው ጌም ቢሆንም የድሮውን ሴቭ አያየውም፤ በመለያው ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሴቩን ስታስቀምጡ የየትኛው ክልል ዲስክ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

የሴቩን ቀንም በጭፍን አትመኑ። ማሽኑ ውስጥ ሰዓቱን የምታስኬድ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። ባትሪዋ ከሞተች ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ትናንት ያስቀመጣችሁት ሴቭ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀመጠ ይመስላል። እኔ ፎልደሩን ራሱ ቀኑን ጽፌ ነው የምሰይመው።

የፕሌይስቴሽን 1 ጌም በፕሌይስቴሽን 2 ላይ የምትጫወቱ ካላችሁ ደግሞ፣ እሱ በራሱ አሮጌ ካርድ ላይ ነው የሚቀመጠው። ያ ካርድ 128 ኪሎባይት ብቻ ነው፣ በ15 ብሎክ የተከፈለ። የፕሌይስቴሽን 1 ሴቭ በፕሌይስቴሽን 2 ካርድ ላይ ለማቆያ ኮፒ ሊደረግ ይችላል፤ ጌሙ ግን ከዚያ አያነበውም። ለመጫወት ወደ አሮጌው ካርድ መመለስ አለበት።

ሙሉ ካርድ እንደ አንድ ፋይል

ከተናጠል ሴቭ ሌላ፣ የካርዱን ሙሉ ምስል በአንድ ፋይል መያዝም ይቻላል። ኢሙሌተር፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ማሽኑን የሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚጠቀም ሰው ይህን ያውቀዋል፤ «ፒሲኤስኤክስ2» ካርዱን እንደ አንድ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ማሽኑ ላይ ከሃርድ ዲስክ ወይም ከዩኤስቢ ጌም የሚያስነሳው «ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር»ም እንዲሁ ምናባዊ ካርድ ይፈጥራል።

እዚህ ጋ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ሁለቱም «8 ሜጋባይት ካርድ» ናቸው፤ ግን የአንዱ ፋይል 8,388,608 ባይት ነው፣ የሌላው 8,650,752። ካርዱ በ16,384 ገጾች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ገጽ 512 ባይት መረጃ ይይዛል። እውነተኛው ካርድ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ገጽ ስህተት ማረሚያ የሚሆን 16 ባይት ተጨማሪ አለ። ትልቁ ፋይል ያንን ማረሚያ ጨምሮ የያዘ ነው፣ ትንሹ የሌለው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ካርዱን አልከፍትም ሲላችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ መጠኑን እዩ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ፎርማት መቀየር ብቻ ነው።

የፒኤስዩ ፋይሎችን ወደ ኢሙሌተር ካርድ ለማስገባት ወይም ከዚያ ለማውጣት «ማይኤምሲ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ማሽኑ አንድ ቀን ጨርሶ እምቢ ቢል እንኳ፣ ሴቩ በኢሙሌተር ላይ ይቀጥላል።

ዲስኩን መቅዳት

መጀመሪያ ገልብጡትና ሥሩን እዩት። ሰማያዊ ከሆነ ሲዲ ነው። ብርማ ከሆነ ዲቪዲ ነው። ጥቁር ከሆነ የፕሌይስቴሽን 1 ነው። ሲዲው እስከ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንጣፉ 8.5። ባለ ሁለት ንጣፍ የሆኑት ጥቂት ናቸው፤ «ግራን ቱሪስሞ 4» እና የመጀመሪያው «ጎድ ኦፍ ዋር» ከነሱ መካከል ናቸው።

ጽዳት። ለስላሳ ጨርቅ ያዙና ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን አታሹ። መረጃው የተጻፈው በክብ ስለሆነ፣ በክብ የሚሄድ ጭረት ከቀጥታው የባሰ ይጎዳል።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለታችኛው ገጽ ነው። ሲዲ ላይ ግን አደገኛው የላይኛው፣ ሥዕል ያለበት ገጽ ነው። የሲዲ መረጃ ከሥዕሉ ሥር ወዲያውኑ ነው ያለው፤ መከላከያው ስስ ቅብ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የተቧጨረ ሲዲ አይመለስም። ዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት የፕላስቲክ ንጣፎች መሃል ስለሆነ ከላይ በኩል የተሻለ ይችላል። ሰማያዊ ዲስኮቻችሁን ቀድማችሁ ቅዱ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ለመቅዳት ተራ የኮምፒውተር ዲቪዲ አንባቢ ይበቃል። ላፕቶፓችሁ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካው ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ «ኢምግበርን» ነፃ ነው። ዲስኩን አስገቡ፣ ከዲስክ የምስል ፋይል መፍጠሪያውን ምረጡ፣ ማስቀመጫውን አሳዩት፣ ጀምሩ። ከዲቪዲ «አይኤስኦ» የሚባል አንድ ፋይል ይወጣል። ከሲዲ ግን ሁለት ነው የሚወጣው፤ «ቢን» እና «ኪው»። ኪው ትንሽዬ የጽሑፍ ፋይል ናት፤ በቢኑ ውስጥ ምን የት እንደሚጀምር የምትናገር። ሁለቱን አትለያዩ። ኪው የማትረባ መስላቸው የሚያጠፏት አሉ።

ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት። አንባቢው እየጮኸ በፍጥነት ሲዞር የተሻለ የሚያነብ ይመስላል እንጂ ጭረት ያለበትን ዲስክ ቀስ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ዋናው ነጥብ። አንባቢው መሃል ላይ «ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ሊቆም ይችላል። ልደግም ወይስ ልለፈው ብሎ ይጠይቃችኋል። «ልለፈው» ካላችሁት ያልተነበበው ቦታ ላይ ባዶ ነገር ሞልቶ ይቀጥላል። ፋይሉ በመጠን ሙሉ ይሆናል። ጌሙም ይነሳል። ከዚያ ሃያ ሰዓት ተጫውታችሁ አንድ ክፍል ስትደርሱ ይደርቃል። እንዲህ ያለው ፋይል ባክአፕ አይባልም። አቁሙት፣ ዲስኩን አጽዱት፣ በሌላ አንባቢ ሞክሩት። አንዱ አንባቢ እምቢ ያለውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሳይጮህ ቢያልቅም አልጨረሳችሁም። ዲስኩን አውጥታችሁ አስገቡትና ሁለተኛ ጊዜ ቅዱት። ከዚያ የሁለቱን ፋይሎች አሻራ አወዳድሩ። አሻራ የምለው ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ «ኤስኤችኤ-1» የተለመደው ነው። አንዲት ባይት እንኳ ብትለወጥ ድርድሩ ፍጹም ሌላ ይሆናል። «ሰቨን ዚፕ» የተጫነ ከሆነ ፋይሉ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ አሻራውን ማውጣት ትችላላችሁ። ሁለቱ ከተመሳሰሉ አንዱን አጥፉት፤ ሌላው የናንተ ነው።

የተሻለም አለ። «ሪዳምፕ» የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የመረጃ ቋት አለ። የጌም ፋይል አይሰጥም። የሚሰጠው የትክክለኛ ቅጂዎችን አሻራ ነው። የናንተን ከሱ ጋር አመሳክሩ። ከገጠመ ሁለተኛ መቅዳቱም አያስፈልግም። ካልገጠመ መጀመሪያ የዲስካችሁን መለያ ቁጥር እዩ፤ የሌላ ክልል ወይም የኋላ እትም ሊሆን ይችላል።

ስም አወጣጥ

ሃምሳ ፋይል «ጌም1»፣ «አዲስ»፣ «የመጨረሻው» ተብሎ ተቀምጦ አይቻለሁ። የራሴ ነበር።

ሦስት ነገር ይበቃል። የጌሙ ስም፣ ክልሉ፣ መለያ ቁጥሩ። መለያው ዲስኩ ላይና የሽፋኑ ጠርዝ ላይ ታትሟል። «ኤስኤልዩኤስ» ብሎ የሚጀምረው አሜሪካ ነው፣ «ኤስኤልኢኤስ» አውሮፓ፣ «ኤስኤልፒኤስ» እና «ኤስኤልፒኤም» ጃፓን። ሁለተኛው ፊደል «ሲ» ከሆነ አሳታሚው ራሱ ሶኒ ነው። የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፤ አሮጌ ፕሮግራሞች ግዕዝ አያነቡም። ምልክትና ነጥብ አታብዙ።

ከዚያ አንድ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ጌም አንድ መስመር፦ ስም፣ መለያ፣ አሻራ፣ የተቀዳበት ቀን፣ ዲስኩ ያለበት ሁኔታ። ኤክሴል የሚወድ በኤክሴል ይሥራው። እኔ ተራ ጽሑፍ የምመርጠው የትም ስለሚከፈት ብቻ ነው።

የማስቀመጫ ቅጂና የመጫወቻ ቅጂ ይለያያሉ

ይህችን ሰው ስለሚያደባልቃት ብዙ ፋይል ይጠፋል። የማስቀመጫው ቅጂ አይነካም። ጌም ለመጫወት የሚቆረጠው፣ የሚታጠፈው፣ ስሙ የሚቀየረው ሁልጊዜ ሌላኛው ነው።

ለማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ተጠቀሙ። ፍላሽ ለማጓጓዣ ነው፤ ለዓመታት ያለ ኤሌክትሪክ ሲቀመጥ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊለቅ ይችላል። ቦታ ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ «ሲኤችዲ» የሚባለው ፎርማት ጥሩ ነው። ከ«ሜም» ኢሙሌተር ፕሮጀክት የመጣ ነው፤ ያጠባል እንጂ ምንም አይጥልም፣ ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስም ይቻላል። ፒሲኤስኤክስ2 በቀጥታ ያነበዋል። ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር ግን አያነበውም፤ ለማሽኑ መልሳችሁ መዘርጋት አለባችሁ። ምን ያህል እንደሚያጥር ከጌም ጌም ይለያያል። አንዳንዶቹ ዲስኩን ለመሙላት ብቻ የተጨመረ ባዶ መረጃ ስላላቸው በጣም ይጠባሉ። በፊልም የተሞሉት ብዙም አይንቀሳቀሱም።

ስንት ቅጂ? ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስለመደው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለጌም ፋይሎቹ እኔ ሁለት ይበቃኛል፤ ዲስኩ ራሱ ሦስተኛው ነውና። ለሴቮቹ ግን ደንቡን ሳልሸራርፍ እከተላለሁ። ሁሉም ተጠራቅመው ከአንድ ፎቶ ብዙ አይበልጡም። ኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት፣ ክላውድ ላይ ጣሉት፣ ወንድማችሁ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡት። ሰበብ የለም።

ማሽኑ ላይ ለመጫወት

ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር፣ በአጭሩ ኦፒኤል፣ ጌሙን ከዩኤስቢ፣ ከውስጥ ሃርድ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ከኮምፒውተር ያስነሳል። ዲስኩ መሳቢያው ውስጥ አርፎ ይቀመጣል፤ ሌዘሩም ያርፋል።

ዩኤስቢው ቀላሉ ነው፣ ደካማውም እሱ ነው። የማሽኑ ቀዳዳ ዩኤስቢ 1.1 ነው። ጣሪያው በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው፤ ይህ በባይት ሲቆጠር 1.5 ሜጋባይት ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የማሽኑ የራሱ ዲቪዲ አንባቢ በሰከንድ ከ5 ሜጋባይት በላይ ይደርሳል። ስለዚህ በጌሙ መሃል የሚመጡት ፊልሞች ቢቆራረጡ ፋይላችሁ ተበላሽቶ አይደለም። ፈጣን ፍላሽ መግዛትም አያድንም፤ ጠባቡ ቀዳዳው ነው።

በዩኤስቢ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ፋት32 ነው። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በትክክል ጣሪያው 4,294,967,295 ባይት ነው። የተሞላ ዲቪዲ ከዚያ ይበልጣል። አዳዲሶቹ የኦፒኤል እትሞች ይህ ገደብ የሌለበትን ሌላ ፎርማት፣ ኤክስፋትን፣ ስለሚያነቡ ችግሩ ይፈታል። አሮጌ እትም ከያዛችሁ «ዩኤስቢ ዩቲል» በሚባል ፕሮግራም ፋይሉን መቆራረጥ ይኖርባችኋል።

ሁለተኛው መበታተን ነው። ኦፒኤል ፋይሉ ፍላሹ ላይ ሳይቆራረጥ በተከታታይ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ጌም አጥፍታችሁ በቦታው ሌላ ስትጭኑ አዲሱ ፋይል በየክፍተቱ ይበታተናል፤ ከዚያ ጌሙ ላይነሳ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፍላሹን ፎርማት አድርጉ፣ ጌሞቹን አንድ በአንድ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ሳትጀምሩ ቅዱ። የማስቀመጫው ቅጂ ለብቻ ስላለ ፎርማት ማድረግ አያስፈራችሁም። የዲቪዲ ጌሞች «ዲቪዲ» በሚል ፎልደር፣ የሲዲዎቹ «ሲዲ» በሚል ፎልደር ይገባሉ። ሁለቱም ስም በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ይጻፍ። ለዚህ የሲዲው ቢን ወደ አይኤስኦ ይቀየራል። ያኔ የሙዚቃ ትራክ ያለው ሲዲ ከሆነ ሙዚቃው ሊቀር ይችላል፤ ዋናውን ቢንና ኪው እንዳትጥሉ የምለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ወፍራም ሞዴል ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ከኋላ በኔትወርክ አዳፕተር በኩል ሃርድ ዲስክ ይገባበታል፤ ፍጥነቱም ከዩኤስቢው ጋር አይወዳደርም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን የሚከፋፍለው በራሱ መንገድ ነው፤ ዊንዶውስ አያውቀውም። ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት» ይላችኋል። እንዳትሰሙት! አንዴ «እሺ» ካላችሁ ሁሉም ጌም ይሄዳል።

ስሊም ያላቸው የኔትወርክ ቀዳዳው አብሮት ስለመጣ በኬብል ከኮምፒውተር ማስነሳት ይችላሉ። ኦፒኤል የሚጠቀምበት የፋይል ማጋሪያ ግን አሮጌው «ኤስኤምቢ 1» ነው። አዳዲስ ዊንዶውሶች ለደኅንነት ሲባል ዘግተውታል። የባንክና የሥራ ጉዳያችሁ ባለበት ላፕቶፕ ላይ አትክፈቱት። አሮጌ ኮምፒውተር ካለ እሱን መድቡ።

ኦፒኤል ላይ ለአንድ ጌም አንድ ምናባዊ ካርድ መፍጠርም ይቻላል። እወደዋለሁ። ሴቩ ከእውነተኛው ካርድ ይላቀቃል፣ ባክአፑም አንድ ፋይል ኮፒ ማድረግ ብቻ ይሆናል። ግን ጌሙ ሴቭ እያደረገ መብራት ከጠፋ ሙሉው ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ አጥፉ።

መፈተሽ

በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ማስቀመጫውን ሃርድ ዲስክ ሰኩት። አሻራዎቹን እንደገና አውጡና ከጽሑፍ ፋይላችሁ ጋር አወዳድሩ። ያልገጠመ ካለ ከሁለተኛው ቅጂ ተኩት። ሃርድ ዲስኩ ያልተለመደ ድምፅ ካሰማ ነገ አትበሉ፤ ያንኑ ቀን ገልብጡት።

ሴቮቹን ግን አሻራ ብቻ አይበቃቸውም። አንዱን ፒኤስዩ በትርፍ ካርድ ላይ መልሱት፣ ጌሙን አስነሱ፣ «ሎድ» በሉ። ሲዝናችሁ፣ መኪናችሁ፣ የደረሳችሁበት ክፍል ይታያል? ካልታየ ባክአፑን ዛሬ እንደገና ሥሩት፣ ዋናው ካርድ ገና እየሠራ ሳለ። ይህን ስትሞክሩ ግን ዋናውን ካርድ ከማሽኑ ንቀሉት። በስህተት ላዩ ላይ የሚጻፍበት ያኔ ነው።